የምኞት ፈተና ጠዋት

አንዳርጌ እንደ ወትሮው የሚስቱ ሻይ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ አማሰለላት። አብሮ አደጓ ስለሆነ፣ ውብነሽ ስኳር ትወድ እንደነበር የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው። እሷማ በአሥራ አምስት ዓመቷ የምኞት ማብረጃውን መርፌ ከተወጋች ወዲህ ምንም ነገር አምሯት አያውቅም።

ዛሬ ደግሞ ተራው የልጃቸው የረድኤት ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች የሚፈተኑት ንጉሡን ገድሎ ዙፋን ላይ ስለወጣ አንድ የጦር አለቃ በሚተርክ የጥንት ቴአትር ነው። ሲመልሱ የእጃቸው አምባር ልባቸውን ይለካል፤ ከልክ በላይ የተመኘ ያንኑ መርፌ ይወጋል።

«በይ እንደገና» ልጁን አላት። «የቴአትሩ ጭብጥ ምንድን ነው?»

«ከልክ ያለፈ ምኞት ባለቤቱን ያጠፋል።» አምባሩ አረንጓዴ በራ።

«ጎሽ! የሰውዬው ጠባይስ?»

«ክፉ... አባዬ፣ መግደሉማ ክፉ ነው። መመኘቱ ግን ምን ኃጢአት አለው? እኔ ራሴ...» አምባሩ ቀላ።

«ዝም በይ! በሞቴ፣ እንዳጠናሽው ብቻ መልሺ!»

ረድኤት ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ሰውዬው እኮ ዙፋኑን ፈልጎ ነው።»

ውብነሽ ከልቧ አሰበችበት። «ለምን ፈለገው?» አለች፣ ግራ ገብቷት።

 ረድኤት ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። አምባሩ አሁንም እንደቀላ ነው።

«አባዬ፣ እኔ ሻይ የምወደው በሦስት ማንኪያ ነው» አለችው። «አደራ፣ እንዳትረሳ።»