እጄ ያውቀዋል

ፋርማሲስቱ በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ የነበረው ማኅተም ከተነሳለት አምስት ወር ሆነው።  እንቅልፉ ተመልሷል፤ ሚስቱ ጋዜጣ ስታነብለት ሁለተኛው ዜና ላይ ሳትደርስ ያንኮራፋል።

በክፉው ጊዜ ግን የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል የሚባለውን በገዛ ጀርባው አይቶታል። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስድ መጥቶ የስኳር መድኃኒት ተሰጠው። የስኳር በሽታ የሌለበት ሰውዬ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶበት የስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ከሞት ተረፈ፤ አንደበቱ ግን እስከ ዛሬ ይተሳሰራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ዶክተር" እያለ ጎንበስ ሲል የኖረ ሰፈር በአንድ ሳምንት ውስጥ "መርዘኛው" አለው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሰላምታውን የተዉት መጀመሪያ በዱቤ የሚወስዱት ናቸው።

ያዳነው የእህቱ ልጅ ቃል ነበር። ዲፕሎማዋን ይዛ ስምንት ዓመት አብራው የሠራች፣ ማታ እሱ ሲወጣ "ጠራርጌ ልምጣ" እያለች ወደኋላ የምትቀር ሴት ናት። መርማሪዎቹ ፊት ቆማ "ካርቶኖቹን አቀያይሬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አለች። እሷ የሥራ ፈቃዷን ተቀማች፣ እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለተኛ ስህተት ከተገኘ ግን መድኃኒት ቤቱ ላይከፈት እንደሚዘጋ አስፈረሙት።

እንደ ልጁ ያሳደጋት ነበረችና አንጀቱ ቆሰለ። "ሁለተኛ ዓይንሽን እንዳላይ" ብሎ አባረራት። አሁን ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ካለው ዳቦ ቤት ተቀጥራ ሊጥ ታቦካለች።

እሷ ከሄደች ወዲህ አንዲት ስህተት የለም። ይህን ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል።

አሠራሩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ማታ ማታ መደርደሪያውን በገዛ እጁ ይደረድራል። ጠዋት ካርቶን ላይ የተጻፈ አያነብም፤ የሚያውቀው ቦታውን ነው። ግፊት ከላይ በግራ፣ ስኳር ከላይ በቀኝ፤ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የሚመጡ ነጫጭ ካርቶኖች ናቸው። ማዘዣውንም ቢሆን "የሐኪም ጽሑፍ የሚያነብ ሐኪም ብቻ ነው" እያለ ባለጉዳዩን ያስነብበዋል፤ ሰዉም ይስቃል። መነጽሩን ያደረገው መርማሪዎቹ የመጡ ለት ብቻ ነው።

"እጄ ያውቀዋል" ይላል።

ያ እጁ ነው ነገሩን የደረሰበት። አንድ ማታ በግራ በኩል ያስቀመጠው ካርቶን ጥጉ ተቀዶ ነበር። ጠዋት ጣቱ ቀዳዳውን ያገኘው በቀኝ በኩል ነው። ጥርጣሬ ገባውና ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ የካርቶኖቹን ጥግ በጥፍሩ እየጫረ ምልክት ያደርግ ጀመር። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀያይረው አገኛቸው። በሦስተኛው ጊዜ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ ዱቄት ቀረበት። አሸተተው። የዳቦ ዱቄት ነው።

"ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" አለ ለብቻው፣ በምሬት።

መለዋወጫ ቁልፉን እንዳልመለሰች ትዝ አለው። የልብስ ሰፊውን ነገር እንደገና ልታመጣበት፣ በዚህ ዕድሜው ልታዋርደው። ያጎረሰ እጅ እንዲህ ይነከሳል እንግዲህ።

ቅዳሜ ቁልፍ ሠሪ አስጠርቶ የበሩን ቁልፍ ከነጋኑ አስቀየረ። ማታ አዲስ የመጣውን ዕቃ ደረደረ፣ ምልክቱን አደረገ፣ ቆልፎ ሄደ። ሰኞ ሲከፍት ምልክቶቹን አንድ በአንድ ዳበሳቸው። ሁሉም እንዳስቀመጣቸው ናቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱን ነፍቶ ተነፈሰ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ እህቱ ናት፤ የወሩን የግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ።

"ወንድምዬ፣ ልጄን ይቅር በላት" አለችው ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። "አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል። አንተ ስትታመም እኔ ደህና ነኝ?"

"አፍንጫዬን የመታችው እኮ እሷ ናት።"

"እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስ ሹልክ ብላ ትወጣለች አሉኝ። የት እንደምትሄድ ብጠይቃት አፏን ዘጋች።"

"ከእንግዲህ የትም አትሄድም" አላት።

ፊቱን ወደ እሷ እንዳደረገ እጁን ወደ ላይ ወደ ግራ ላከ። የወሩን ፍሬ ቆጥሮ በትንሿ ፖስታ ከተተላት። እህቱ ጠዋት ሳትውጥ ነው የመጣችውና አንዷን ፍሬ እዚያው በውኃ ዋጠቻት።

"ስለ ልጅሽ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ" አላት።

እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ወደ ገበያ ወረደች።

አራት ሰዓት ላይ ልጅቷ ሽርጧን እንዳደረገች ገባች። ስትሮጥ ነው የመጣችው።

"አጎቴ፣ ዛሬ ቁልፉ እምቢ አለኝ። ከሥራዬም እስካሁን አልለቀቁኝም።"

እንዲህ ፊት ለፊት ታወጣዋለች ብሎ አልጠበቀም።

"እምቢ እንዲልሽ ነው ያስቀየርኩት" አላት። "ስትመላለሺብኝ ዝም ያልኩት ሞኝ ሆኜ መሰለሽ? ይኸው፣ ሁሉም ቅዳሜ እንዳስቀመጥኩት ነው። አንድም ነገር አልተነካም።"

ወደ መደርደሪያው አለፈች። ከላይ በግራ ያለውን ካርቶን አወረደችና ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ደግማ አነበበችው፤ የስኳር መድኃኒት ይላል።

"አጎቴ፣ ከዚህኛው ዛሬ ለማን ሰጡ?"

"ለእናትሽ" አላት።