ሦስተኛው ሞካሪ

በ1995 ዓ.ም. መርሳ ላይ አርባ የውሃ ፓምፖች ከነካርቶናቸው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። የሐብሩ ወረዳ ገበሬ ሽንኩርቱ እየደረቀበት «መቼ ነው?» እያለ በየቀኑ በር ያንኳኳል። የመስኖ ፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ሽፈራው ግን የአጠቃቀም መመሪያው በሰው ሳይሞከር አንድም ፓምፕ አይወጣም አሉ። ወደው አይደለም። ባለፈው ዓመት ውርጌሳ ላይ ሦስት ፓምፖች ተቃጥለዋል። የዚያኛውን መመሪያ የጻፈው ደግሞ ዮናስ ነበር።

«ይሄኛውም ካቃጠለ፣ ዮናስ፣ ጓዝህን ሸክፈህ ወልድያ ትገባለህ» ብለውታል።

የዮናስ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው፤ መካኒኩ የሚያውቀውን ገበሬው እንዲገባው አድርጎ መጻፍ። ሥዕሉን የምትሠራው ናጅዋ ናት፣ የመርሳ ልጅ። ሁለቱ እሳትና ጭድ ናቸው።

«ግማሹ ገጽ ሥዕል! የአንደኛ ክፍል ደብተር ነው እንዴ?» ይላል እሱ።

«አንተ ደግሞ ጽፈህ ጽፈህ አትጠግብም!» ትላለች እሷ።

አቶ ሽፈራው ገላገሏቸው። ፓምፕ ነክተው የማያውቁ ሦስት ሰዎች ይሞክሩት። ሦስቱም ካቃታቸው ሥዕሉ ከመመሪያው ይወጣል፣ ናጅዋም ትሰናበታለች። ስለ ሥራው ሞካሪን ያናገረ ወዮለት!

መጀመሪያ ካሳዬ የሚባል ጎልማሳ ገባ። ጮክ ብሎ እያነበበ ሠራ፣ አነበበ፣ ሠራ። ሰባተኛው ተራ ላይ ዮናስ ነገሩን ላብራራ ብሎ ከሥዕሉ ሥር ገጹን በጽሑፍ ሞልቶታል። ካሳዬ መሃሉ ላይ ደከመውና ዘለለው። የማስነሻውን ገመድ ሲስብ ፓምፑ በደረቁ ጮኸ፤ ዮናስ ሮጦ አጠፋው። ሁለተኛዋ ሀጂራም እዚያው ዘለለች። የተዘለለው፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የፓምፑ ሆድ በውሃ ይሞላ የሚለው ነው። የውርጌሳዎቹንም የፈጃቸው ይኸው ነው።

ለሦስተኛው ሞካሪ ቀበሌው የላከው ዝርዝር «ዓሪፍ ጀብሪል፣ አሥረኛ ክፍል» ይላል። የመጡት ሰው ግን ጢማቸው የሸበተ ነው።

«ጀብሪል ነኝ፣ የዓሪፍ አባት። ዛሬ የሐራ ገበያ ነው፣ ቤት የተገኘሁት እኔው» አሉ።

ዮናስ ቀልቡ እዚህ አልነበረም። የልጁ ስም ላይ ምልክት አደረገ።

ናጅዋ ሽማግሌውን ስታይ «አሰላሙ አለይኩም፣ አባ ጀብሪል!» ብላ እጃቸውን ሳመች። የጤናው፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ጥያቄ ረዘመ። ድምጿንም ዝቅ ያደረገች ለዮናስ መሰለው። ጆሮው ቆመ።

አባ ጀብሪል ወረቀቱን በክንዳቸው ልክ አርቀው ያዙና «ቢስሚላህ» አሉ። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ፓምፑን ያያሉ። ገጹን ቶሎ ቶሎ ይገልጣሉ። ሰባተኛው ጋ ሲደርሱ ባልዲ አነሱ፣ የላዩን ክዳን ፈቱ፣ ውሃ ሞሉ። ገመዱን ሳቡ። ውሃው ተፈናጠረና ቦዩን ሞላው። ካሳዬ አንድ ሰዓት የደከመበትን በሃያ ደቂቃ ጨረሱት።

ሁሉም አጨበጨበ። ዮናስ አላጨበጨበም። ያን ሁሉ ጽሑፍ በሃያ ደቂቃ ማን ያነባል? አስጠንታቸዋለች! ይሄ ውሸት ካለፈ አርባውም ፓምፕ በእሱ ስም ሊነድ ነው። ተናደደ፣ ፈራም። ምሳውን ትቶ ናጅዋን የሚከስ ደብዳቤ ጻፈና ኪሱ ከተተ። ከዚያ አባ ጀብሪልን አቶ ሽፈራው ፊት አስጠራቸው።

«ከዚህ በፊት ፓምፕ ነክተው ያውቃሉ?»

«የት አግኝቼ!»

«ታዲያ ውሃ ይሞላ ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ወላሂ ማንም አልነገረኝም። እዚሁ ወረቀት ላይ አይቼ ነው እንጂ።»

«ይፈርሙበታል?»

«ምን ገዶኝ!»

ዮናስ ቃላቸውን ጽፎ አነበበላቸው። «ማንም ሳይነግረኝ፣ በዚህ መመሪያ ብቻ ሠርቻለሁ።» ከፈረሙ በኋላ ውሸታቸውን ሊያወጣው ነው። ናጅዋ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ዮናስ ብዕሩን ዘረጋላቸው።

«ብዕሩን እንኳ ተወው ልጄ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የጣቱን ቀለም አምጣልኝ።»