የፔዳሉ ድምፅ

የስፌት መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ልብስ ሰፊዋን አንጨርጭሯታል። ሳታዘው ይንደረደራል፤ የደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ አጣሞ ሰፍቶባታል። መርፌ ቀየረች፣ ዘይት ጨመረች፤ ወይ ፍንክች! ላብ አጠመቃት፣ ልቧ ድው ድው አለ። ንዴት ነው ብላ ተወችው።

ቁርስ ላይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የወሰደችውን የድብርት ኪኒን ውጣለች። በላዩ ላይ እህቷ ከሰሞኑ «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርግሻል?» ብላ ያመጣችላትን፣ መንፈስ ያነቃቃል የተባለ እንክብል። ለሳሏ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ሽሮፕ። ለቅጠልና ለሽሮፕ ብሎ ማን ሐኪም ዘንድ ይሰለፋል?

ያስጠራችው መካኒክ መጥቶ መኪናውን ፈታታው፣ መልሶ ገጠመው።

«እትዬ፣ መኪናዎ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የተበላሸሁት?» ብላ አፈጠጠችበት።

መካኒኩ የመኪናውን የኤሌክትሪክ ሶኬት ነቀለው። መርፌው ቀጥ አለ። ከጠረጴዛው ሥር ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ አላቆመም።

«እስቲ እግርዎን ከፔዳሉ ላይ ያንሱልኝ።»

«አንስቻለሁ እኮ! ስንቴ ልንገርህ?»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ቀኝ እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ጠዋት የደራረበቻቸው ኪኒን፣ እንክብልና ሽሮፕ ትዝ አሏት።

እግሯ አልቆመም።