ትርፍ መሬት

አዋጁ ከዐሥር ሄክታር በላይ የሆነ እርሻ ትርፍ ነው፣ ይወረስ ብሏል። ፊታውራሪው የእሳቸው ዘጠኝ ተኩል መሆኑን አሳምረው ያውቃሉና፣ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ማሳቸውን በገመድ ሲለኩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከሩቅ ይስቁ ነበር።

«ዐሥራ ሁለት ሄክታር!» አለ ሊቀ መንበሩ፣ የትናንት ጭሰኛቸው።

ፍርድ ሸንጎው ፊት ደማቸው ፈልቶ ቆሙ። «እግዜር ያሳያችሁ! ይህ ዘረፋ ነው። ገመዱ አጭር ነው!»

ዳኛው ገመዱ ይቅረብ አለ። ሊቀ መንበሩ አምጥቶ እግራቸው ሥር ዘረጋው።

«ከእርስዎ ጎተራ ያገኘነው ነው፣ ፊታውራሪ። ሃያ ዓመት የእኛን ማሳ እየለኩ ግብር ያስከፈሉን በዚሁ ነው። አጭር ነበር እንዴ?»

ሸንጎውን የሞላው ጭሰኛ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ገመዱን ተመለከተ።

ፊታውራሪው ዙሪያቸውን የቆመውን ሕዝብ ቃኙ።

«የለም» አሉ። «ገመዱ ልክ ነው።»