የአብሹ ብርጭቆ

እናቷ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ክኒን ሲውጡ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ደግሞ ሆዳቸው አልረጋ ሲላቸው ሐኪሙ ከወተት የተሠራ ብናኝ ጨመረላቸው፤ «ለአንጀት የሚስማማ ባክቴሪያ አለበት፤ ከክኒኑ ጋር ይሞክሩት» ብሎ። እሳቸው ግን «ወተት? በሁዳዴ? ከፋሲካ በኋላ ይደረሳል» አሉና ብናኙን መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት።

ልጅቷን አላስቻላትም። ከቅዳሴ ሲመለሱ በሚጠጡት አብሽ ውስጥ ብናኙን በድብቅ እየበጠበጠች ትሰጣቸው ጀመር። «ተባረኪ ልጄ» ብለው ብርጭቆውን በተቀበሏት ቁጥር ህሊናዋ ይሸነቁጣታል። ሆዳቸው ረግቶ ወዛቸው ሲመለስ እንኳ ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም። ሳያውቁት ጾማቸውን አስገድፋቸዋለች። ለንስሐ አባቷ ልትናገር ትነሳና ከደጃፉ ትመለሳለች።

የስቅለት ዕለት አብረው ሲሰግዱ ዋሉ። ማምሻውን ቄሱ ምእመኑን በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረጉ ለየሰዉ ተጨማሪ ስግደት ሲያዝዙ፣ እናቷ ወደ ቄሱ ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሹክ አሉ። ከዚያ መስገድ ጀመሩ። ሰዉ ጨርሶ ወደየቤቱ ሲበተን እሳቸው አሁንም ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ።

ልጅቷ ክንዳቸውን ያዘች። «እማዬ፣ በቃሽ! አንቺ ደግሞ ምን ኃጢአት አለብሽና ነው?»

እናቷ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«የኔንማ ቅድም ጨርሻለሁ» አሉ። «ይሄ ያንቺ ነው፤ የአብሹ።»