የኮበለለች ንብ

ከሉማሜ ወጣ ብሎ የሚኖረው የኋላሸት ከዐሥራ አንድ ቀፎ ንቡ የተረፈው አንዱ ብቻ ነበር። እሱም ከጠፋ ከአያቱ ጀምሮ የቆየው ዘር አከተመ ማለት ነው።

ዐሥሩ ያለቁት ዐምና ነው። በአካባቢው ደንብ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው በዋዜማው ለጎረቤት ይናገራል፤ ጎረቤትም የቀፎውን አፍ ይዘጋል። ዐምና አንድ ሰው ሳይናገር ረጨ። ማን እንደሆነ አልተረጋገጠም። የኋላሸት የሚጠረጥረው ጎረቤቱን ደምለውን ነው።

መስከረም በገባ በሳምንቱ የተረፈችውም ንብ ኮበለለች። የኋላሸት ዓይኑን ሳይነቅል ተከተላት፤ ያበበ ባቄላውን እየረጋገጠ ሄዶ የደምለውን አጥር ዘለለ። ንቧ ዋንዛ ላይ ከተሰቀለ ባዶ ቀፎ ገባች።

ደምለው ሳቀ። «እኔ አልጠራኋትም። ቤት መርጣ መጣች፤ እንግዳ አላባርርም።»

የኋላሸት ከሰሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታም ቀረ። ባላጋራ ከባላጋራው ጋር ፍርድ ሳያገኝ አይነጋገርም።

ዳኛዋ ጉዳዩን ወደ ሽማግሌ ልትመልሰው ነበር። ጸሐፊው ግን ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ማንም የማይገልጠውን ገጽ አወጣ። የንብ ባለቤት መከተሉን እስካላቋረጠ ድረስ ሰው ግቢ ገብቶ ንቡን መያዝ ይችላል ይላል። የወጣው ከስድሳ ዓመት በፊት ነው፤ የሻረው የለም። በችሎቱ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። የኋላሸት አልሳቀም።

ደምለው ሲወጣ፣ «ይፈረድለት። መውሰዱን ግን እናያለን» ማለቱን የሰሙ አሉ።

በውሳኔው ቀን የኋላሸት ከማሳ በቀጥታ መጥቶ አርፍዶ ደረሰ። በጀርባው ያዘላትን መርጫ ጥበቃው በር ላይ አስቀረበት። ደምለው ጭራሽ አልቀረበም። ፍርዱ ለከሳሹ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ የኋላሸት ከፍርድ አስፈጻሚው ጋር ሄደ። ደምለው ዋንዛው ሥር ተቀምጦ ነበር። ዙሪያው በሞተ ንብ ጠቁሯል። አስፈጻሚው ቀፎውን ከፍቶ አየ፤ የሚንቀሳቀስ የለም።

«ገደልካት» አለ የኋላሸት። «እንደ ዐምናው።»

አስፈጻሚው ብዕሩን አወጣና ወደ ደምለው ዞረ።

ደምለው ቀና ሳይል፣ «ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ አፏን እዘጋላት ነበር» አለው የኋላሸትን።