ሰነፍ የማይወደው ካልኩሌተር

ጋሼ ምትኩ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ካልኩሌተሩን ገዝቶ የገባ ቀን «ይሄ ዕቃ ሰነፍ አይወድም» አለኝ። እውነትም እሱ ሲነካው ቁጥሩ ፍንትው ብሎ ይወጣል። እኔ ልሞክር ስል ደግሞ «እንዳትጥይው» ብሎ ይይዝልኛል። ገና አንድ ቁጥር ስጫን ድርግም!

«አየሽ? አወቀሽ!»

ዕቃ እንኳን ናቀኝ ብዬ አለቀስኩ። ገመድ ዝላይ ተውኩ። ጓደኞቼ በር ላይ ሲጠሩኝ «የለችም» አስባልኩ። የማባዛት ሠንጠረዡን እስከ አሥራ ሁለት ሸመደድኩ።

«አሁንስ ጋሼ?»

ይይዝልኛል። ድርግም።

«ገና ነሽ።»

ትናንት እሱ ሳይኖር ሰርቄ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ሰባት ሲባዛ በስምንት ብዬ ስጫን፣ ሃምሳ ስድስት አለኝ። ወደደኝ! እልልታዬን ሳልጨርስ ጥርስ ያላወጣችው የእህቴ ልጅ ነጠቀችኝና ቁልፎቹን በምላሷ መጫን ጀመረች። ለእሷም ቁጥር ደረደረላት። ቁጥሩ ከሚታይበት መስኮት በላይ ባለችው ትንሽ ጥቁር መስታወት ላይ መዳፏን ስታሳርፍ ቁጥሩ ጠፋ። ስታነሳ ተመለሰ። ደግማ ስታሳርፍ ደግሞ ጠፋ።

ይሄኔ ጋሼ ከሥራ ገባ።

«ማን ንኪ አለሽ? በይ አምጪው፣ ልያዝልሽና እንይሽ።»

ጣቱን እያየሁ ሰጠሁት። አውራ ጣቱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጥቁሯ መስታወት ላይ ተጋደመ።